በጣቶቼ የፈረሙት ሽማግሌዎች

ያን ሰሞን ላይኛዋ ከተማ ሴቻ ስም አልነበራትም። ክልሉ ተከፍሎ አዲስ ክልል ሊመሠረት ስለነበር የየመሥሪያ ቤቱ ታፔላ በነጭ ቀለም ተለቅልቆ አዲሱን ስም ይጠባበቃል። ከታችኛዋ ከተማ ከሲቀላ በሚኒባስ ሽቅብ ስወጣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰለፉትን ባዶ ሰሌዳዎች እቆጥር ነበር። ባለጉዳዮች ከሥራቸው ቆመው ቀና ብለው ያዩአቸዋል፤ ምን እንደሚያነቡ እንጃ። እኔም አንድ ጠዋት፣ ለዓመታት የተመላለስኩበት በር ላይ ደርሼ ተጠራጠርኩና ጥበቃውን "ይሄ የማን ቢሮ ነው?" ብዬ ጠየቅሁት። "እስካሁን አልተነገረንም" አለኝ፤ ሳይስቅ።

እኔ የዕቅድ ባለሙያ ነበርኩ፤ ከገረሴ ከተማ ወዲያ ካለ አንድ የደጋ ወረዳ። የወረዳውን ስም አልጠራም፣ ጥፋቱ የእኔ ነውና። የዕቅድ ባለሙያ ማለት ያልሆነውን እንደሚሆን፣ የሆነውን ደግሞ እንደታቀደ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ማለት ነው። ይህን ስል ሰው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ሁለት ለውጥ ባንድ ጊዜ ነበር የመጣብን። አንዱ አዲሱ ክልል ነው። ሌላው ንግዱ ሊከፈት ነው፣ የውጭ አገር ሰው በጅምላም በችርቻሮም ሊገባ ነው የሚለው ወሬ ነው። እያንዳንዱ የወረዳ ምክር ቤት ለሁለቱም መዘጋጀቱን የሚያሳይ ሰነድ እንዲያስገባ ታዘዘ። ወንበር ቆጠርን፣ መኪና ቆጠርን፣ ማህተም ተረካከብን፣ ነጋዴ መዘገብን። ምክር ቤቱም አስቸኳይ ጉባኤ ጠርቶ "ተዘጋጅተናል" በሚለው ላይ እጁን አወጣ። ለምን እንደተዘጋጀን ያወቀ ሰው ግን አላየሁም። አንዲት የምክር ቤት አባል ከጉባኤው ስንወጣ ጠጋ ብላኝ "ወንድሜ፣ የሚመጣው ነገር ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?" አለችኝ። "ሰነዱ ላይ አልተገለጸም" አልኳት። እውነቴን ነበር።

ከየወረዳው የተውጣጣን ባለሙያዎች ሰነዶቹን እንድናጠናቅቅ ሴቻ ጫፍ ላይ ባለ ሆቴል አዳራሽ ተሰጠን። በመስኮቱ ሐይቁና በዳርቻው ያለው ጫካ ይታያል፤ ክረምት ስለነበር አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ግን ጉም ነው። አስተባባሪያችን ሁለት ስልክ የሚይዝ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ትሑት ሰው ነበር። አንድ አባባል ነበረው፤ "ሰነዱ ይምጣ፣ ነገሩ ይደርሳል" ይል ነበር። ይህን እየሰማን ሦስት ሳምንት ተቀመጥን።

የመጨረሻው ቀን ሲደርስ ከእኔ ሰነድ አንድ ነገር ጎደለ። በእያንዳንዱ ወረዳ ለሚሠራው ትልቅ የገበያ ማዕከል "ከሦስተኛ ወገን ነፃ የሆነ መሬት" መቅረብ ነበረበት። ኅብረተሰቡ ተወያይቶ በሙሉ ድምፅ መስማማቱን የሚያሳይ ቃለ ጉባኤም መያያዝ ነበረበት። መሬቱ ተመርጧል። ወረዳችን ዳገትና ገደል ነው፤ መኪና የሚገባበት አንድ ለጥ ያለ ሜዳ ቢኖር በተወለድኩበት ቀበሌ ያለው ዱቡሻ ነው። ዱቡሻ ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሚመክሩበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ሜዳ ነው። አይታረስም፣ አይታጠርም፣ የማንም አይደለም። በእኛ ቋንቋ፣ በዕቅድ ባለሙያ ቋንቋ ማለቴ ነው፣ የማንም ያልሆነ መሬት ከሦስተኛ ወገን ነፃ ነው። እንዲሁ ብዬ ጻፍኩት።

የጎደለው ስምምነቱ ነበር። ወደ ደጋ የሚወጣው መንገድ በናዳ ተዘግቷል። ሰነዱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መግባት አለበት። "ውይይቱን በኋላ ታደርገዋለህ፤ አሁን ወረቀቱን ብቻ አስቀድመው" አለኝ አስተባባሪው በዚያ በለሰለሰ ድምፁ። እኔም ካለፈው ዓመት የማዳበሪያ ስብሰባ የተረፈ የስም ዝርዝር ከቦርሳዬ አወጣሁ። የአሥር ሽማግሌዎች ስም ነበረበት።

ቃለ ጉባኤውን መጻፍ አልከበደኝም፤ ስንቱን ጽፌአለሁ። ለመጀመሪያው ሽማግሌ "ለውጡን በቁርጠኝነት እንደግፋለን" የሚል አፍ ሰጠሁት። ለሁለተኛው "ልማት የዘገየብን ሰዎች ነን" የሚል። ሰውየው በሕይወቱ አማርኛ ከ"እንዴት ዋልክ" አልፎ አያውቅም። የመጨረሻው፣ አሥረኛው ስም፣ እኔን ያሳደገኝ ሸማኔ ነበር። አባቴ ሲሞት ይዞኝ ወደ ሲቀላ የወረደ፣ ከሸማ መሥሪያው ጎን አስተኝቶ ያኖረኝ ሰው ነው። ክሩን ስበጣጥስበት "ጣትህ ለዚህ አልተሠራም፣ ለብዕር ነው" ብሎ ትምህርት ቤት ያስገባኝም እሱ ነው። ሲያረጅ ወደ ደጋው ተመልሶ ነበር፤ እኔ ግን ሥራ በዛብኝ እያልኩ ሁለት መስቀል ሳልወጣ ቀርቼ ነበር። ስለምወደው ከሁሉም የተሻለ ንግግር ጻፍኩለት፤ አሥራ አንድ መስመር። ልጆቻችን እዚሁ ሠርተው ይደሩ፣ አገር ለቀው አይሰደዱ ብሎ ሜዳውን በደስታ ሲሰጥ አደረግሁት። ጽፌ ጨርሼ ሳነበው ዓይኔ እንባ አቀረረ።

የቀረው ፊርማ ነው። አሥሩም ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ በአሻራ ነው የሚፈርሙት። የማህተም ቀለሙን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩ፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር፣ አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ባለሙያ በየራሱ ወረቀት ላይ አቀርቅሯል። አሥር ሰው በአንድ አውራ ጣት ቢፈርም ያስታውቃል። ስለዚህ ለአሥር ሽማግሌ አሥር ጣቴን አከፋፈልኩ። በቀኝ አውራ ጣቴ ጀመርኩ። ለሸማኔው የደረሰችው የግራ እጄ ትንሿ ጣት ናት። እሱ ቢሆን አይከፋውም፣ እንዲያውም ይስቃል ብዬ ነበር የተጫንኳት።

በዚያው መሃል ስልኬ ጠረጴዛው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከአገር ቤት ነው። ጣቶቼ በሙሉ ቀለም ስለነበሩ አላነሳሁትም። ዝም አለ፤ እንደገና ተንቀጠቀጠ፤ ለሦስተኛ ጊዜም። መልሼ እደውላለሁ አልኩ። አልደወልኩም።

ቀለሙ በሳሙናም በሎሚም አልለቅ ብሎ ለቀናት ከረመ። ምሳ ለመብላት እጄን ስሰድ ጣቶቼን አይና እጄን እመልሳለሁ፤ አምስት ሽማግሌዎች ከእኔ ጋር የሚጎርሱ ይመስለኝ ነበር። ይህን ለባልደረቦቼ በቀልድ ነገርኳቸው። አንዱም አልሳቀም፤ ሁሉም የየራሳቸውን እጅ ነው ያዩት።

ከሁለት ወር በኋላ አዲሱ ክልል ቆሟል፣ ታፔላዎቹም ስም አግኝተዋል። የእኔ ሰነድ ለሌሎች አርአያ ነው ተብሎ ተመስግኗል። ያን ጊዜ የትውልድ ቀበሌዬ ሊቀመንበር ደወለልኝ። ኅብረተሰቡ በሙሉ ድምፅ ባስረከበው ሜዳ ላይ ቀያሾች ሊመጡ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ደርሶታል። "ሽማግሌዎቹ ይፈልጉሃል። ያን ወረቀት ይዘህ ና ብለዋል" አለኝ። ድምፁ ቀዝቃዛ ነበር። እኔም ውይይቱን አሁን አደርገዋለሁ፣ በልማቱ አሳምናቸዋለሁ፣ ነገሩ ሰነዱ ላይ ይደርሳል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ገረሴ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በሞተር፣ የመጨረሻውን በእግሬ ሄድኩ። ጉሙ ከእንሰቱ ቅጠል ላይ ይንጠባጠባል፤ ከቀርከሃው ወዲያ ያለው አይታይም። በእኛ አገር መንገድ ላይ የተገናኘ ሰው ሰላምታው አያልቅም፣ ከብቱ ሳይቀር ይጠየቃል። በዚያ ቀን ግን የማውቃቸው ሰዎች ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይላሉ፣ ያዩኛል፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ያልፋሉ። አንዲት ሴት አጎንብሳ እንጨት ተሸክማ መጣች፤ እናቴ በሕይወት ሳለች ጎረቤታችን የነበረች ናት። "ደህና ነሽ እናቴ?" አልኳት። ቆመች፤ አፌን አየችና መንገዷን ቀጠለች። ያኔ ፍርሃት ፍርሃት አለኝ።

ሜዳው ላይ ሽማግሌዎቹ በየድንጋያቸው ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ሰዉ ከቦ ቆሟል፤ ጉሙ ስላለ የት ላይ እንደሚያልቅ አይታወቅም። ጠቅላላ ሕዝቡ ያለ መሰለኝ። የሁሉም አንጋፋ የሆኑት ሽማግሌ ዝናቡን፣ ከብቱን፣ ልጁን መረቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ወረቀቱን ይዘሃል?"

"ይዣለሁ አባቴ።"

"አንብብልን። ምን እንዳልን መስማት እንፈልጋለን።"

ስለ ልማቱ ያዘጋጀሁትን ንግግር ተውኩት። ወረቀቱን አውጥቼ ወደ ጋሞኛ እየመለስኩ ማንበብ ጀመርኩ። "ቁርጠኝነት" የሚለውን በምን ልመልሰው? "በጠንካራ ልብ" አልኩ። የመጀመሪያውን ስም ስጠራ ባለስሙ ዱላውን ተመርኩዞ ተነሣ። ተናገረ ያልኩትን እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰማ። "በደንብ ተናግሬአለሁ" አለና ተቀመጠ። ማንም አልሳቀም። ሁለተኛውን ጠራሁ፤ ተነሣ፣ ሰማ፣ ተቀመጠ። ላብ አጠመቀኝ። እንዲህ እያሉ አንድ በአንድ ተነሥተው የገዛ ንግግራቸውን ከእኔ አፍ ሰሙ። አራተኛው ብቻ "መቼ ነው ይህን የተናገርኩት?" ብሎ ጠየቀ። ቀኑን አነበብኩ። እርስ በርሳቸው ተያዩና "ቀጥል" አሉኝ።

አሥረኛውን ጠራሁ። ማንም አልተነሣም።

ሁሉም ግን ራሳቸውን ወደ አንድ ወገን አዞሩ፤ በዳር ወዳለ አንድ ድንጋይ። ባዶ ነበር። ለሌሎቹ የጠበቁትን ያህል ለዚያ ድንጋይም ጠበቁ። እኔም አብሬ አየሁ፤ አርፍዶ ይሆናል፣ አሁን ከጉሙ ውስጥ ይወጣል ብዬ። ከዚያ አንጋፋው ሽማግሌ "ለእሱ የጻፍከውን አንብብ እንጂ" አሉኝ። አነበብኩት፤ አሥራ አንዱንም መስመር፣ ለባዶው ድንጋይ። ጨርሼ ቀና ስል ሴቶቹ በቆሙበት በኩል አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ አየሁ። የሸማኔው ሚስት ናት።

"ያ ቀን እሱን የቀበርንበት ቀን ነው" አሉ ሽማግሌው። "እዚህ ሜዳ ላይ ከእኛ አንድም ሰው አልነበረም። ሁላችንም መቃብሩ ላይ ነበርን። ልጁ ይምጣ ብለን ሦስት ጊዜ አስደወልንልህ።"

እንደ ደንቡ ቢሆን መርዶ የሰማ ሰው ጮኾ ያለቅሳል፤ እኔም ልጮኽ አፌን ከፈትኩ። ግን በዚያው አፍ ገና አሁን በሟቹ ስም ስናገር ነበር። መልሼ ዘጋሁት።

"ወረቀቱ ላይ ያሉት ጣቶችስ የማን ናቸው?" አሉኝ።

እዚህ ላይ እውነቱን ብናገር ኖሮ ብዬ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ "አላውቅም፤ ሴቻ ነው የተሞላው" አልኩ። ዱቡሻ ላይ የተነገረ ሐሰት ጎሜ ነው ይላሉ፤ የማይጣስን ነገር መጣስ ማለት ነው፣ መዘዙም ለጣሰው ብቻ ሳይሆን ለከብቱም ለዝናቡም ይተርፋል። እኔ በጸሎት ቤት መዝሙር ያደግሁ ሰው ነኝ፣ በጎሜ አላምንም። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ግን ከቆመው ሰው መካከል ብዙዎቹ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲሉ አየሁ፤ አልተቆጡም፣ ራቁኝ ብቻ።

"አንተ ካላወቅህ እኛ ወርደን የእኛን ጣት እናሳያቸዋለን" አሉ ሽማግሌው።

በሳምንቱ ዘጠኙም ቡሉኮአቸውን ደርበው ሴቻ ወረዱ። ሰነዶቹ አዲስ ስም ወዳገኘ አንድ ቢሮ ተዛውረዋል፤ የግድግዳው ቀለም ገና ይሸታል። ማመልከቻቸውን እኔው ጻፍኩላቸው፤ አልተስማማንም፣ ሜዳችን ይመለስ የሚል። በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። የመዝገብ ክፍሏ ሠራተኛ ጠንቃቃ ልጅ ነበረች፣ ማጉያ መነጽር አውጥታ አዲሱን አሻራ ከድሮው ጋር ታስተያይ ጀመር። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፣ ፊቷ ተለወጠ።

"አባቶቼ፣ ይቅርታ። ቦታውን የሰጡት ሰዎች እናንተ አይደላችሁም" አለች።

"እኛ ነን፤ ስማችን ነው" አሏት።

"ስሙ ልክ ነው። ጣቱ ግን የሌላ ሰው ነው። ስምምነቱን ማንሣት የሚችሉት የተስማሙት ሰዎች ብቻ ናቸው። እነሱን አምጡልኝ።"

እኔ ለሽማግሌዎቹ ወደ ጋሞኛ መለስኩላቸው፤ እነሱን አምጡ ተባላችሁ አልኳቸው። ማን እንደሆኑ የማይታወቁ፣ የእነሱን ስም የያዙ አሥር ሰዎች የሆነ ቦታ አሉ፤ ሜዳው ያለው በእነዚያ እጅ ነው። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲሰሙ አልተከራከሩም። ወጥተው ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ተቀመጡ።

አስተባባሪው እዚያው ቢሮ ሹም ሆኖ ነበር። ወሬውን ሰምቶ መጣና ወደ ደረጃው ጥግ ወሰደኝ። "አየህ፣ ቀላል ነው" አለ በዚያ ድምፁ። "ማመልከቻውን ራስህ ፈርምላቸው። እንደዚያን ቀን። አሻራው ይገጥማል፣ መሬቱ ይመለሳል፣ ሥራህም አይነካም። ማን ይጎዳል?" ማን እንደፈረመ አንድም ቀን ነግሬው አላውቅም። ለካ ያውቅ ኖሯል። የሁላችንንም ሳያውቅ አልቀረም።

እውነቱን ለመናገር ልፈርም ነበር። ሜዳው ይመለስላቸዋል፣ እኔም እንጀራዬ አይነካም፤ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ማመልከቻውን ይዤ በኮሪደሩ ስመለስ አንጋፋው ሽማግሌ እጄን ያዙኝ። ቀለም የነካውን አውራ ጣታቸውን ወደ ፊቴ አቀረቡ። አገላብጠው እያዩት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ። ይሄ የእኔ አይደለም አሉኝ። እስቲ እይልኝ" አሉ። የሚቀልዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አይቀልዱም ነበር። ሌሎቹም በየተራ የየጣታቸውን አዩ፤ የሰው ዕቃ በስህተት እንደያዘ ሰው፣ ከሰውነታቸው አራቅ አድርገው።

ይሄን ያደረግሁት እኔ ነኝ። መሬት ብቻ አይደለም የወሰድኩባቸው።

ገባሁና ልጅቱን ባዶ ወረቀትና ቀለም ጠየቅኋት። ሽማግሌዎቹንም ጠርቼ እንዲያዩ አቆምኳቸው። ከቀኝ አውራ ጣቴ ጀምሬ አሥሩንም በተራ ተጫንኩ። "አሥሩም እኔ ነኝ" አልኩ በአማርኛም በጋሞኛም። ልጅቱ ማጉያዋን ይዛ አንድ በአንድ አስተያየች። አንደኛው ገጠመ። ሁለተኛው ገጠመ። አሥረኛው፣ ያቺ ትንሿ ስትገጥም፣ ወንበሯን ከእኔ ወደ ኋላ ሳበች።

ቃለ ጉባኤው ተሰረዘ፤ ሜዳው ከዝርዝሩ ወጣ። እኔም ከዕቅድ ተነሥቼ መዝገብ ቤት ተመደብኩ፤ ለሠራሁት ሲያንሰኝ ነው፣ እስር ቤት ነበር የጠበቅሁት። የሌሎቹን ወረዳዎች ሰነድ ግን ማንም አልገለጠም። አሁን ከመደርደሪያው ላይ አቧራቸውን የማራግፈው እኔ ነኝ። አልፎ አልፎ አንዱን እከፍታለሁ፤ የአሻራዎቹን መጠን አይና እዘጋዋለሁ። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የመሃል ጣት።

የቀረው እርቁ ነበር። በእኛ አገር ያጠፋ ሰው ዱቡሻ ላይ ቆሞ ጥፋቱን በአፉ ይናገራል፤ የተበደሉት ሁሉ አንድ በአንድ ይቅር ካሉት ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው ይመርቁታል፣ ነገሩም ከዚያ ወዲያ አይነሣም። አንድ ሰው እንኳ ይቅር ካላለ አልተጨረሰም። በአንድ ቅዳሜ ወጣሁ። ጉሙ በዚያ ቀን አልነበረም፤ ሜዳው እስከ ገደሉ ጫፍ ወለል ብሎ ይታያል። ይህን ያህል ሰፊ ነበር እንዴ አልኩ በልቤ፤ ወረቀቴ ላይ ግን በአንድ መስመር አልቆ ነበር።

ሁሉንም ተናገርኩ። አዳራሹን፣ ቀለሙን፣ ስልኩን ሳይቀር። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ዘጠኙ በየተራ ተነሡ፤ እያንዳንዱ "ይቅር ብዬሃለሁ" ብሎ ተቀመጠ። አንጋፋው ሽማግሌ ሳሩን አነሡና ቆም አሉ።

"ዘጠኛችን ይቅር ብለናል" አሉ። "አሥረኛው የለም።"

ሁሉም ወደ ሸማኔው ሚስት ዞሩ። ከሴቶቹ ጋር በዳር ተቀምጣለች። ሄጄ እግሯ ሥር ተንበረከክሁ። በእጇ አጉርሳ ያሳደገችኝ ሴት ናት። "እናቴ፣ ስለ እሱ አንቺ ይቅር በይኝ" አልኳት።

አልተቆጣችም፤ ቁጣ ቢሆን በቀለለኝ።

"እኔ ስለ ራሴ ይቅር ብዬሃለሁ" አለች። "በእሱ ፋንታ ግን በሕይወት ሳለ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። በእሱ ፋንታ የተናገርከው አንተ ነህ። አሁንም ተናገርለት። ይቅር ብሎሃል?"

ሰዉ ሁሉ ወደዚያ ድንጋይ ዞረ። እንደዚያን ቀን ጠበቁ። ሳሩ በአንጋፋው ሽማግሌ እጅ ላይ እንደተያዘ ነው። ነፋስ እንኳ አልነበረም። ሁሉም ጀርባቸውን ለእኔ ሰጥተው የእሱን መልስ ከእኔ አፍ ይጠብቃሉ። እኔም እሱን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ምን እንደሚል፣ እንዴት አድርጎ ራሱን ነቅንቆ እንደሚለው፣ ከዚያም ምን ብሎ እንደሚቀልድብኝ አውቃለሁ።

አዎ እንደሚል አውቅ ነበር። አልተናገርኩለትም።